ባለቤቱ የተፋቀ ባትሪ

ቢቸና፣ ጥቅምት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሥርጉት፣

እታለም፣ እንዴት ሰንብተሻል? ሞጣስ እንዴት ይዞሻል? እኛ አለን። አባም ደህና ናቸው፤ ጉልበታቸው ብቻ ነው ያስቸገራቸው። መልስ ያዘገየሁት ታምሜ አይደለም፣ ሥራም በዝቶብኝ አይደለም። ወረቀት ይዤ ስቀመጥ የምጽፈው ይጠፋኛል። ኢንተርኔት እያለ አንድ የሳቅ ምልክት ልኬልሽ እገላገል ነበር። አሁን ሰላምታውን ራሱ እንደ አባ ደቀ መዝሙር ቁጭ ብሎ መቁጠር ሆነ።

መብራት በሌለበት ጌም ቤቱ እንዴት ይሠራል ላልሽው፣ ይሠራል። ገበያ ላይ አንድ ትልቅ የሶላር ባትሪ ከነፓኔሉ አገኘሁ። ሁለት ሰው ነው የሚያነሳው። ሻጩ ዕቃ ከየትም እየሰበሰበ የሚሸጥ ሰው ነው። ዋጋውን ሲነግረኝ የተሳሳተ መስሎኝ ደግሜ አስጠራሁት። አሁን ሁለቱም ቴሌቪዥኖች ቀኑን ሙሉ ይሠራሉ፤ መብራት ሲፈልግ ይምጣ፣ ሲፈልግ ይቅር።

የጦርነቱን ጌም አጥፍቼዋለሁ። ማንም አጥፋ አላለኝም። የተኩሱ ድምፅ ሲወጣ ልጆቹ ሁሉ ወደ በሩ ይዞራሉ፤ ስለዚህ ኳሱን ብቻ ነው የሚጫወቱት። አረቄ የምትሸጠው ጎረቤታችን አስናቀች፣ ድሮ «ልጆቼን አሰነፍህብኝ» ብላ ደጃፌ ላይ ቆማ የሰደበችኝን ታስታውሻለሽ? አሁን ጠዋት ጠዋት ራሷ ይዛቸው ትመጣለች። «ትምህርት ቤቱ እንደሆነ ተዘግቷል፤ እዚህ ከተቀመጡ የት እንዳሉ አውቃለሁ» ትላለች። እኔም ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሬ የልጅ ጠባቂ ሆኛለሁ ማለት ነው።

አባም አንድ ቀን ከቅዳሴ ሲመለሱ ገብተው አረፍ አሉ። ጨዋታውን ትክ ብለው አዩና፣

«ይህ የሚሮጠው ሰው ነው ሥዕል?» አሉኝ።

«ሥዕል ነው አባ።»

«ታዲያ ለምን ደከመው?»

ልጆቹ ሳቁ። እኔም የሳቅሁ ይመስለኛል።

ስልኬ ስለተሰበረ ያገለገለ ፈልግልኝ ላልሽው፣ ባትሪውን የሸጠልኝ ሰው ጋ ስልክም ሞልቷል። ካርቶን የለውም፣ ደረሰኝም የለውም፤ ግን ንጹሕ ነው። ልግዛልሽ ወይ?

ወንድምሽ ዘመነ


ሞጣ፣ ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዘመንዬ፣

ጤናህ እንዴት ነው? የአባን ጉልበት ቅባት ልኬያለሁ፤ ሞቅ ባለ ውኃ ካጠብካቸው በኋላ ቀባቸው፤ እምቢ ቢሉህም ቀባቸው። ሥራ እንዴት ነው ላልከኝ፣ ደህና ነው። ክትባት ላይ ትንሽ ተቸግረናል እንጂ ደህና ነው።

ስልኩን አትግዛልኝ። የኔው መስታወቱ ጣቴን ይቆርጠኛል እንጂ ይሠራል። አንዲት የሥራ ጓደኛዬ እንደዚያ ያለ ስልክ ገዝታ ነበር። በየጠዋቱ «የእማዬ መድኃኒት» የሚል ማስታወሻ እየጮኸ ይቀሰቅሳታል። ከስልኩ ላይ ማጥፋት ትችላለች፤ አላጠፋችውም። ለምን እንደማታጠፋው ስጠይቃት «እኔንጃ» አለችኝ። የማን እማዬ እንደሆነችም አታውቅም።

ይህን ደብዳቤ የሚሰጥህ ሹፌሩ ኃይለ ጊዮርጊስ ነው። አንድ ነገር በቃል አስይዤዋለሁ። ለሱ ንገረው፣ ወይም ጻፍልኝ። ብዙ አታስብበት።

ሥርጉት


ቢቸና፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ቅባቱ ደርሷል። አባ «ይህ የወጣት ሽታ ነው» ብለው ተቀቡ።

ኃይለ ጊዮርጊስ መናኸሪያው ላይ ጠርቶኝ፣ «እህትህ የባትሪው ቀለም ምን ዓይነት ነው፣ ጎኑ ላይስ ጽሑፍ አለው ወይ ብላለች» ሲለኝ አስቆኝ ነበር። የባትሪ ቀለም የሚጠይቅ ሰው አይቼ አላውቅም። ቤት ገብቼ ግን ጎንበስ ብዬ አየሁት። ግራጫ ነው። ጎኑ ላይ ጽሑፍ ነበረው፤ በቢላ ይሁን በምን ተፍቋል። ከተፋቀው ሥር ቀይ ቀለም ይታያል። ስገዛው አላየሁትም ብልሽ ታምኛለሽ? አይቼው ሊሆን ይችላል።

ለምን ጠየቅሽኝ?

ዘመነ


ሞጣ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዘመንዬ፣

እንደምን አለህ? ለምን ጠየቅሽኝ ስላልከኝ ነው የምጽፍልህ እንጂ ልነግራችሁ አላሰብኩም ነበር። አባ ከሰሙ «ሥራውን ትተሽ ነይ» ይላሉ።

በክረምቱ የጤና ጣቢያችን በር ተሰብሮ አደረ። መድኃኒቱን ወሰዱ፣ አልጋውን ወሰዱ፣ ጣሪያ ላይ ወጥተው የሶላሩን ፓኔል ነቀሉት። ባትሪውንም ወሰዱ። የክትባት ማቀዝቀዣው የሚሠራው በሱ ነበር። ማቀዝቀዣውን ግን ከብዷቸው ይሁን ምን ይሁን ትተውልናል። ቆሟል። ውስጡ የጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያዋን ታስቀምጥበታለች። ባትሪው ግራጫ ነበር። ጎኑ ላይ የጣቢያውን ስም በቀይ ቀለም የጻፍኩበት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ክትባት ከዞኑ መጋዘን በበረዶ ሳጥን ይመጣልናል፤ በመጣበት ቀን ያልተወጋው ይጣላል። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ አይመጣም። በኅዳር ኩፍኝ ገባ። አንዲት እናት ከሩቅ ልጇን አዝላ መጣች። ገና ከበሩ ሳያት አወቅሁ። «ጀርባዬ ላይ ተኝቶልኛል፤ ትኩሳቱም በረደለት» አለችኝ። አወረድኩላት። ተኝቶ አልነበረም።

እሷ ስትጮህ ሌሎቹ አብረዋት ጮኹ። እኔ ስሙን ጻፍኩ። ከዚያ ወጥቼ ምሳዬን በላሁ። ሽሮው ጨው አንሶት እንደነበር አስታውሳለሁ። ይህን የምጽፍልህ እንድታዝንልኝ አይደለም። ማዘን ያለብኝ ቦታ ላይ ቆሜ ምንም ስላጣሁበት ነው። አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?

ባትሪውን መልስ አላልኩህም። ምን እንደምልህም አላውቅም።

ሥርጉት


ቢቸና፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣

ደብዳቤሽን ብዙ ጊዜ አነበብኩት። ነፍሱን ይማር። ከዚህ ሌላ ምን ልበልሽ።

ተቆጥተሃል ወይ ብለሽ በኃይለ ጊዮርጊስ ልከሽብኛል። አዎ፣ ተቆጥቻለሁ። ግን በማን ላይ እንደሆነ አላውቅም። ነገሩን ላስረዳሽ።

ሻጩ ዘንድ ሄድኩ። ሱቁ ደጃፍ ተቀምጦ በሬዲዮ ዜና ይሰማል።

«ያን ባትሪ ከየት ነው ያመጣኸው?» አልኩት።

«ስትገዛ ያልጠየቅኸኝን ዛሬ ማን አስታወሰህ?»

«ጠየቅሁህ እኮ አሁን።»

«እኔ አልሰርቅም። ሰው ያመጣል፣ እገዛለሁ። አንተም ትመጣለህ፣ ትገዛለህ። ለምን ረከሰ ብሎ የጠየቀኝ ገዢ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም» አለኝና ሬዲዮውን ከፍ አደረገው።

እውነቱን ነው። ዩኒቨርሲቲ እያለን አንድ መምህር ስልክ ውስጥ ያለውን ማዕድን በሌላ አገር ሕፃናት ከጉድጓድ እየቆፈሩ እንደሚያወጡት አስተማሩን። በጣም ነካን። ሁላችንም ንግግራቸውን በስልካችን ቀርፀን ወጣን። ንጹሕ ዕቃ የት አለ እታለም? ጫማዬን ማን እንደሰፋው፣ ጌሙን ማን እንደሠራው፣ ማን ሰርቆ እንደገለበጠው አውቃለሁ? ልጆቹ የሚጫወቱት ጌም ራሱ የተከፈለበት አይደለም፤ በፍላሽ ነው ያስገለበጥኩት።

ደግሞስ ብመልሰው? በሩ እንደገና ቢሰበርስ? እንደገና እዚሁ ገበያ መጥቶ ሌላው ይገዛዋል። እኔ ደግሞ እዘጋለሁ። ልጆቹ ሜዳ ይወጣሉ። ሜዳው ላይ አሁን ያለው ኳስ ሳይሆን ጠመንጃ ነው፤ ታውቂዋለሽ።

ይህን ሁሉ ለአባ ነገርኳቸው። ይቅርታ፣ የጣቢያውን መሰበርም ነገርኳቸው። ሥራውን ትተሽ ነይ አላሉም። ዳዊታቸውን አጥፈው፣

«አሁን የምትጠይቀኝ ዕቃው የማን እንደሆነ ነው፣ ወይስ ማን እንደሚያስፈልገው?» አሉ።

«ሁለቱም አንድ ሰው ነው አባ።»

«እንኪያስ ጥያቄ የለህም» አሉና ዳዊታቸውን ቀጠሉ።

ባትሪው እዚሁ ነው ያለው። ይሠራል። ዛሬም ቀኑን ሙሉ ሲጫወቱ ዋሉ።

ዘመነ


ቢቸና፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሥርጉት፣

እንኳን አደረሰሽ። «እመልሰዋለሁ» ብዬ በሹፌሩ ሳስነግርሽ የላክሽልኝ፣ ፍተሻ ላይ የሚታየው የድጋፍ ደብዳቤ ደርሶኛል። ባትሪውን ከነፓኔሉ በኃይለ ጊዮርጊስ ልኬዋለሁ። ጭድ በሞላ ማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለነዋል፤ በጎኑ እንዳይተኛ ንገሪያቸው። እስከ መናኸሪያ የተሸከሙልኝ እነዚያው ተጫዋቾቼ ናቸው። ለማን እንደሚሄድ ነገርኳቸው። አንዱ ብቻ «የጀመርነው ዋንጫስ?» አለኝ።

አስናቀች ልጆቿን ይዛ መጥታ በሩ ተቆልፎ አገኘችው።

«ዘጋህ?»

«ዘጋሁ።»

«ማን አስዘጋህ?»

«ማንም።»

«ታዲያ እነዚህን የት ልውሰዳቸው?»

ጥሩ ነገር ሠራሁ የሚል ስሜት ይመጣል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልመጣም። ሲደርስሽ ጻፊልኝ።

ዘመነ


ሞጣ፣ የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ፣

እንዴት ነህ? አባ እንዴት ናቸው? ደረሰሽ ወይ ብለህ ደጋግመህ አስጠይቀሃል። ዝም ያልኩህ ስላልደረሰኝ አይደለም።

ባትሪው በደህና ደርሷል። ጭዱን አራግፌ፣ ከረጢቱን ፈትቼ ጎኑን ሳየው ቀይ ቀለሙ የኔ መሰለኝ። ለማጽዳት ሳዘነብለው ግን ከሥሩ በወፍራም እስክሪብቶ የተጻፈ አለ። ከሥሩ አልፋቁትም። ከመርጡለ ማርያም ወዲያ ያለ የአንድ ጤና ኬላ ስም ነው። የኛ አይደለም ዘመነ። እነሱም እንደኛ በቀይ ጽፈውበት ነበር ማለት ነው። የኛ የት እንዳለ እግዜር ይወቅ።

ሶላሩን የሚገጥመው ባለሙያ መሣሪያውን ይዞ አጠገቤ ቆሟል። «ልግጠመው ወይ እህቴ?» አለኝ። ጽሑፉን እኔ እንጂ እሱ አላየውም። «ግጠመው» አልኩት።

ማቀዝቀዣው ሠራ። መጥረጊያውን አወጣንና አጠብነው። ክትባቱ መጣ። በየቀበሌው ተነገረ፤ እናቶች ከቆላም ከደጋም ልጆቻቸውን ይዘው ግቢውን ሞሉት። ያለ እረፍት ነው የወጋሁት። ያቺም እናት መጥታ ነበር፤ ታናሽ ልጇን ይዛ። አወቀችኝ። እጄን ይዛ «እጅሽ ይባረክ» አለችኝ። አሜን አልኩ። ሁሉም መረቁኝ። ምርቃቱን ሁሉ ተቀበልኩ።

ስሙን ማንም አያይም። ባትሪው መሬት ላይ ነው፤ ስሙ ከሥሩ ነው።

ምን ላድርግ ብዬ ብጠይቅህ ምን ትለኛለህ?

ሥርጉት


ቢቸና፣ መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ሁለተኛም የላክሽው ወረቀት ደርሶኛል። «አንተ ብቻ ወስንልኝ» ብለሻል። አልወስንልሽም። አንቺ እኔን መልስ አላልሽኝም፤ ዝም ብለሽ ጨው ስላነሰው ሽሮ ነው የጻፍሽልኝ። እኔም መልሺ አልልሽም፣ አትመልሺም አልልሽም። ለአባ ግን አልነገርኳቸውም። በሰው ፊት «ልጆቼ የተነጠቀውን መለሱ» ሲሉ ሰማኋቸው።

ቤቱን ምን አደረግኸው ላልሽው፣ ጆተኒ አስገብቻለሁ። መብራት የማይፈልግ ጨዋታ እሱ ነው። ከተዘጋ ግሮሰሪ የተገኘ ነው፤ ባለቤቱን ራሱን አግኝቼ ነው የገዛሁት። ከማን እንደሆነ ጠየቅሁ፣ ምስክርም አቆምኩ፤ ሰውየው በኔ ሳቀብኝ። ልጆቹ ግን ብዙም አልወደዱትም። ትንንሾቹ ይመጣሉ፤ ትልልቆቹ ትንሽ ገፋ ገፋ ያደርጉና ይወጣሉ።

የአስናቀች ትልቁ ልጅ ከመጣ ሰነበተ። የት እንደሄደ አልጠየቅኋትም። እሷም አልነገረችኝም። ትናንት በደጃፌ ስታልፍ ወደ ውስጥ አየችና አንገቷን መለሰች።

ዘመነ


ሞጣ፣ መጋቢት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዘመንዬ፣

እንዴት ነህ? አባን ሳምልኝ። ዝም ስላልኩ ይቅር በለኝ።

በመጀመሪያ ስለ አስናቀች ልጅ። ሂድና ጠይቃት። ባትመልስልህም ጠይቃት። አንተ ቤት በመዝጋትህ ነው ብላ ብትረግምህም ቁጭ ብለህ ስማት። ቤቱን ያስዘጋሁህ እኔ ነኝ፤ ይህንንም ንገራት።

ባትሪው የት ደረሰ ላልከው፣ መርጡለ ማርያም ገበያ ለምትወርድ ሴት ወረቀት ሰጥቼ ላክሁ። ወረቀቱ ላይ «ዕቃችሁ እኛ ዘንድ ነው» ብቻ ነው ያልኩት። እንደማይደርስ ተስፋ አድርጌ ነበር ብልህ አልዋሸሁም። ደረሰ። ትናንት ሰብለ ወንጌል የምትባል የዚያ ጤና ኬላ ሠራተኛ መጣች። የኔ እኩያ ናት፤ ቀጭን ናት፤ ነጠላዋ አቧራ ለብሷል። ውኃ ሰጠኋት። እንጀራ ባቀርብላት «ጾም ነው፣ ሰዓቱ አልደረሰም» አለች።

ማቀዝቀዣው ጋ ወሰድኳት። ባትሪውን አየችው። ተንበርክካ በትንሹ አዘነበለችውና በእጇ ከሥሩ ዳበሰችው፤ ጽሑፉን በጣቷ የምታነብ ነው የምትመስለው።

«ይሠራል?» አለችኝ።

«ይሠራል።»

«ከተብሽበት?»

«ከተብኩበት።»

«መቼ?»

«በየካቲት።»

ቀና ብላ አየችኝ። «የማን እንደሆነ ያወቅሽው መቼ ነው?»

መዋሸት እችል ነበር። «ከመግጠሜ በፊት» አልኳት።

ከዚያ ስለ አየሩ እንደሚያወራ ሰው ቀስ ብላ፣ «እኛ ጋ ኩፍኝ የገባው በየካቲት ነው» አለችኝ።

እንድትጮህብኝ ፈልጌ ነበር። ብትጮህብኝ፣ ብትመታኝ፣ የሆነ ነገር ይሰማኝ ነበር። እሷም እንደኔ ናት ዘመነ። ፊቷን ሳየው የራሴን ያየሁ መሰለኝ። መዝገቤ ላይ ያሉትን የኛን ልጆች በስማቸው አላነሳሁላትም፤ እሷም የሷን አላነሳችም። «የአንቺዎቹ ተርፈዋል?» አለችኝ ብቻ። «የተከተቡት ተርፈዋል» አልኳት። «እሺ» አለች።

ባለሙያው ሽቦውን ፈታው፤ ፓኔሉንም ከጣሪያ አውርዶ መኪናው ላይ ጫነው። ማቀዝቀዣው ሲጠፋ የሚያሰማው ድምፅ አለ፤ እንደ ትንፋሽ ነው። ውስጡ የቀረውን ክትባት በበረዶ ሳጥን አድርጌ ግማሹን ለሷ ሰጠኋት። እንዳይፈስባት ክዳኑን በፕላስተር ዙሪያውን አሰርኩላት።

«በዚያ በኩል ያዢ» አለችኝ።

እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን አነሳነው። ጥበቃው ሊያግዘን መጣ፤ ሁለታችንም ሳንነጋገር እምቢ አልነው። መኪናው የቆመው ከግቢው ውጭ ራቅ ብሎ ነበር። እንዴት ነው የሄድነው ብትለኝ አላውቅም። መንገድ ላይ አንድ ጊዜ አስቀምጠን አረፍን። እሷ ባትሪው ላይ ተቀመጠች፣ ጠጋ አለችና ቦታ ሰጠችኝ። ጎን ለጎን ተቀመጥን።

መኪናው ሲነሳ በመስኮቱ «ደህና ሁኚ» አለችኝ። «ደህና ግቢ» አልኳት።

ምን ተሰማሽ እንደምትለኝ አውቃለሁ። ከበደኝ። ባትሪው ማለቴ ነው። ጠዋት የቀረኝን ክትባት ተሸክሜ በእግሬ ወደ ገጠር እወጣለሁ፤ በረዶው ሳይቀልጥ የደረስኩበት ድረስ።

እህትህ ሥርጉት